ለበረንዳው ቀለም ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ከደሴ ፒያሳ ከፍ ብሎ ያለውን የአባትህን ቤት በረንዳና ደረጃ ቀለሙን ልትቀይር መነሣትህን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በልስንና በሊሾ ሥራ ያሳለፍሁ ነኝና ጥቂት ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቅ። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የብዙ ቤት ጀርባ አፈር ተደግፎ ነው የቆመው። የክረምቱ ውሃ ከኋላ ሰርጎ በፊት ለፊት ሲወጣ ቀለሙን ይልጠዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ ውሃው ከሲሚንቶው ጨው እያወጣ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ በረንዳ ነው፤ በኅዳር ቀባሁት፣ በነሐሴ ቅርፊቱን በእጄ ለቀምሁት። አሸንዳውን አስጠግን፣ ከቤቱ ጀርባ ቦይ አስቆፍር፣ ከዚያ ስለ ቀለም እናወራለን።

2. ሲሚንቶው መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ላዩ ላይ አድርገህ ጠርዙን ዙሪያውን ለጥፈህ አሳድረው። ጠዋት ውስጡ ካላበው ገና አልደረቀም። አዲስ ልስን ከሆነ ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላው ብሩሽ አታስነካው።

3. በረንዳውን እንደ አዲስ ሊሾ የምታሠራው ከሆነ ግን ቀለሙን ከላይ አትቀባ፣ ከሲሚንቶው ጋር አዋህደው። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ዱቄት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የዝገት ዘመድ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ሲሚንቶም አይበላውም። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 2.5 ኪሎ ይበቃል፤ ከ5 ኪሎ ካለፈ ሊሾው ይደክማል። ሁልጊዜ በሚዛን ለካ። በአካፋ የሚገምት ግንበኛ ካጋጠመህ አስቁመው፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ድብልቅ ተለያይቶ ወለልህ ዝንጉርጉር ይሆናል። ግራጫ ሲሚንቶ ቢጫውን ያጠይመዋል፣ ስለዚህ ፈካ ያለ ከፈለግህ ነጭ ሲሚንቶ ግዛ። እኔን ብትጠይቀኝ ቀዩን እመርጣለሁ። እናቶቻችን በሰም እየወለወሉ ያኖሩት ቀይ ሊሾ ለዓመታት ሳይለቅ ኖሯል፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ነበርና።

4. አሮጌውን ሲሚንቶ ሳታፈርስ ልትቀባ ከሆነ ውሃ ርጭበት። ከጠጣው ይቀበላል፤ ጠብታው ተንከባሎ ከቀረ ሰም ወይም ዘይት አለበትና በሳሙናና በብረት ብሩሽ አጥበህ አስለቅቅ። በአሲድ እናጥበው ካሉህ ጓንትና መነጽር ይኑር። ሲያቀጥኑት አሲዱ ወደ ውሃው ይፈሳል፤ ውሃው ወደ አሲዱ በፍጹም።

5. ለአጥሩ ኖራ አትናቅ። ኖራ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፣ ግድግዳውንም ያስተነፍሰዋል። ፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አይይዝም።

6. ክረምቱም በልጉም በሌለበት ከጥቅምት እስከ ጥር ቀባ። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ከምታገኛት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ የመጣ ቀቢ እንደለመደው በማለዳ ሊጀምር ይችላል። ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 9 ሰዓት ላይ ያቁም፣ ቀለሙ ከብርዱ በፊት ይድረቅ።

7. ደረጃው ላይ የሚያብለጨልጭ ቀለም አታድርግ። ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ በትንበት። እናትህ በክረምት ጠዋት የምትወርደው በዚያ ደረጃ ነው።