በኢንተርኔት የሚመጣ ቴሌቪዥንና የነጋዴው ኃላፊነት

ቴሌቪዥን ወደ ሰው ቤት የሚገባው በአንቴና ወይም በዲሽ ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ስዕሉና ድምፁ በኢንተርኔት መስመር ይመጣል፤ ለዚሁ አገልግሎት የሚውሉትም ትናንሽ ሣጥኖች እንደ ራዲዮና እንደ ካውያ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። ይህ አሠራር በብዙ አገር «አይፒቲቪ» እየተባለ ይጠራል። ዕቃው ትንሽ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ፈላጊውም ብዙ ስለ ሆነ አስመጪዎችን የሚያጓጓ ንግድ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ገንዘቡን በዚህ ዕቃ ላይ ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ የትእዛዙን ደብዳቤ ከመጻፉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይኸውም ይህን ዕቃ መሸጥ በሕግ የተፈቀደ ነውን? የሚል ነው።

ለጥያቄው በአንድ ቃል አዎን ወይም አይደለም ብሎ መመለስ አይቻልም። ምክንያቱም በአንዱ ዕቃ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ እነዚህም መንገዱ፣ ሣጥኑና ፕሮግራሙ ናቸው። መንገዱ ኢንተርኔቱ ነው፤ ቴሌቪዥንን በኢንተርኔት መላክ በራሱ ጥፋት አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቁ የስልክ ኩባንያዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ለፕሮግራሙም ባለቤቶች ተገቢውን ዋጋ ከፍለው በዚሁ መንገድ ለደምበኞቻቸው ቴሌቪዥን ያቀርባሉ። ሣጥኑም ባዶውን ሲታይ አነስተኛ ኮምፒዩተር እንጂ ሌላ አይደለም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው በሦስተኛው፣ ማለትም በፕሮግራሙ ላይ ነው።

ፕሮግራም የሚሸጠው እንደ ስኳር አይደለም። ስኳር የገዛ ነጋዴ ለወደደው ሰው መልሶ ሊሸጠው ይችላል። የእግር ኳስ ግጥሚያን ወይም ፊልምን የማሳየት መብት ግን በአገርና በጊዜ ተከፋፍሎ ይሸጣል፤ ለአንድ አገር ለተወሰኑ ዓመታት የተገዛው መብት በሌላው አገር አያገለግልም። ፈቃድ የሌለው አቅራቢ በጥቂት ሕጋዊ ካርዶች የተከፈተውን ስርጭት ወስዶ ወደ ራሱ ሰርቨር ያስገባና በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ያከፋፍለዋል። ለስርጭቱ ባለቤት የሚከፍለው የጥቂት ቤተ ሰቦችን ዋጋ ሲሆን የሚሰበስበው ግን የብዙ ሺህ ቤቶችን ነው። በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሺህ ቻናል እሰጣለሁ የሚል ሻጭ ሲገኝ ዋጋው ራሱ ምስክር የሚሆንበት ስለዚህ ነው።

ብዙ ነጋዴዎች «እኔ ሣጥን ሸጥሁ እንጂ ፕሮግራም አልሰረቅሁም፤ በሣጥኑ የሚያየውን የሚመርጠው ገዢው ነው» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር በችሎት ተሰምቶ የተፈረደበት ጉዳይ ስለ አለ በሰፊው መመልከቱ ይጠቅማል።

በሆላንድ አገር አንድ ነጋዴ «ፊልምስፔለር» የሚባል ሣጥን በኢንተርኔት ያቀርብ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የማጫወቻ ሶፍትዌር ማንም ሰው በነጻ ሊያገኘው የሚችል ነበር። ነጋዴው ከዚያ በላይ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ሌሎች ሰዎች ያዘጋጇቸውንና በየድረ ገጹ የሚገኙትን ተጨማሪ ሶፍትዌሮች አስቀድሞ በሣጥኑ ላይ መጫን ነው። በእነዚህ ረዳትነት ተመልካቹ ጥቂት ቁልፎችን ሲጫን ፊልምና ስፖርት ወደሚታዩባቸው ድረ ገጾች ይመራል፤ ከድረ ገጾቹም አንዳንዶቹ በባለመብቶቹ ፈቃድ የሚሠሩ፣ ሌሎቹ ግን ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ነበሩ። ሶፍትዌሩን የጻፈው እርሱ አልነበረም፤ ፊልሞቹም በእርሱ ዘንድ የተቀመጡ አልነበሩም። ማስታወቂያው ግን ሣጥኑን የገዛ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ለፊልም፣ ለተከታታይ ድራማና ለስፖርት ገንዘብ እንደማይከፍል የሚያበሥር ነበር።

ብሬይን የሚባለው የባለመብቶችን ጥቅም የሚያስከብር የሆላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ነጋዴው ሽያጩን እንዲያቆም ጠየቀው፤ ቀጥሎም ከሰሰው። የሆላንዱ ፍርድ ቤት የሕጉን ትርጉም እንዲወስንለት ጥያቄውን በሉክሰምቡርግ ወደሚያስችለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መራ። ይህም ፍርድ ቤት ሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ/ም (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2017) ውሳኔውን ሰጠ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቅጂ መብት ድንጋጌ፣ ለማሰራጫ የሚያገለግል መሣሪያ ማቅረብ ብቻውን ለሕዝብ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም የሚል ቃል በመግቢያው አለበት። ሣጥን ሻጭ ሁሉ የሚጠለልበት ቃል ይህ ነው። ዳኞቹ ግን ቃሉ ለዚህ ሰው አይሆንም አሉ። ምክንያቱም ነጋዴው የሚያስከትለውን ነገር እያወቀ ያልተፈቀዱት ድረ ገጾች የሚገኙበትን መንገድ በሣጥኑ ላይ ጭኗል፤ እርሱ ባይጭነው ኖሮ ገዢዎቹ እነዚያን ሥራዎች ለማግኘት ይቸገሩ ነበር፤ ይህንንም ያደረገው ትርፍ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ሽያጩ ራሱ «ለሕዝብ ማሰራጨት» ነው፤ ያለ ባለመብቱም ፈቃድ ሊደረግ አይገባውም ተባለ። ማወቁን ለማስረዳት ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የገዛ ማስታወቂያው ነበር። ደምበኛ ለመሳብ የተጻፈ ቃል ከሳሹ ያላወጣውን ማስረጃ ሊያወጣ እንደሚችል በሱቃቸው መስኮት ላይ ወረቀት የሚለጥፉ ሁሉ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ባዶው ሣጥን በዚህ ፍርድ አልተከለከለም። እንዳይሸጥ የተባለው መንገዱ አስቀድሞ የተጠረገለት ሣጥን ነው። «አላውቅም ነበር» የሚለውም መልስ ለነጋዴ የሚሆን አይደለም፤ ይኸው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 በሰጠው ሌላ ውሳኔ፣ ለትርፍ ሲል ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚመራ ሰው በዚያ ያለው ሥራ በፈቃድ የወጣ መሆኑን አጣርቷል ተብሎ እንደሚገመት፣ ግምቱንም ማፍረስ የራሱ ፋንታ እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። ስለ ተመልካቹም ያው የ2017ቱ ውሳኔ፣ ፈቃድ ከሌለው ምንጭ በኢንተርኔት መመልከት በኮምፒዩተር ላይ የሚፈጥረው ጊዜያዊ ቅጂ እንኳ ከሕጉ ነጻ አይደለም ይላል።

የቡና ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመለከታቸዋል። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ከተማ አንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት ከግሪክ አገር በመጣ የዲኮደር ካርድ የእንግሊዝን እግር ኳስ ለደምበኞቻቸው ያሳዩ ነበር፤ ካርዱ በአገሩ ከሚሸጠው በጣም ይረክሳል። ካርዱ የተሰረቀ አይደለም፤ በግሪክ አገር ዋጋው ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተሰጠው ውሳኔ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በኅብረቱ አገሮች መካከል እንዲህ ያለውን ካርድ ማስመጣትን፣ መሸጥንና መጠቀምን መከልከል አይቻልም አለ። በወይዘሮዋም ላይ ተሰጥቶ የነበረው ቅጣት በሚከተለው ዓመት ተሻረላቸው። ነገር ግን ያው ውሳኔ ግጥሚያው ራሱ የጥበብ ሥራ ባይሆንም አብሮት የሚታየው መግቢያ ፊልም፣ የሊጉ መዝሙርና ስዕላዊው ጽሑፍ በቅጂ መብት የተጠበቁ ስለ ሆኑ፣ እነዚህን በመጠጥ ቤት ለተሰበሰበ ሰው ማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል ብሏል። ለቤት የተገዛ ካርድ ለቡና ቤት አይሆንም ማለት ነው።

«በነጻ የሚታየውን ቻናል ብቻ ባስተላልፍስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ በተለይ ያገራችንን ቻናሎች በሣጥን ሰብስበው በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገሮች ለሚኖሩት ወገኖቻችን ለመሸጥ የሚያስቡትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በእንግሊዝ አገር ቲቪካችአፕ በሚባለው ኩባንያ ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንደሚያስረዳው፣ ተመልካቹ በአንቴና በነጻ ሊያየው የሚችለውን ስርጭት እንኳ ሌላ ድርጅት በኢንተርኔት መልሶ ሲያሰራጨው የጣቢያውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በነጻ መታየቱ ስርጭቱን ባለቤት የሌለው ንብረት አያደርገውም።

በመሣሪያ ብልሃት ከሕግ ለማምለጥ የሞከረም አለ። ኤሬዮ የሚባለው የኒውዮርክ ኩባንያ እጅግ ትናንሽ አንቴናዎችን በሺህ ተክሎ ለእያንዳንዱ ደምበኛ የራሱን አንቴና ያከራይ ነበር። ክርክሩም እያንዳንዱ ሰው በራሱ አንቴና የሚያየው ለብቻው ስለ ሆነ ለሕዝብ ማሰራጨት የለበትም የሚል ነው። አስተሳሰቡ የሚናቅ አልነበረም፤ ከታች ያሉት ፍርድ ቤቶች ለጊዜው ተቀብለውት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2014 በ6 ዳኞች ድምፅ በ3 ላይ ኩባንያው ሥራው እንደ ኬብል ቴሌቪዥን ነው፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል ሲል ፈረደበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ኩባንያው መክሰሩን አስታወቀ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተፈቀደ ስርጭትን ለትርፍ የሚያካሂዱትን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል።

ባለሱቁ ሕጉን ባይፈራ እንኳ ደምበኛውን ሊፈራ ይገባዋል። ሣጥኑን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ክፍያ ጋራ ነው፤ የዓመቱንም ገንዘብ አስቀድሞ ተቀብሎ ድርሻውን ለማያውቀው አቅራቢ ይልካል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በኢጣልያ ዐቃብያነ ሕግ መሪነት የብዙ አገር ፖሊሶች በአንድነት አንድ ትልቅ ያልተፈቀደ አገልግሎት ሲያቋርጡ፣ በመላው ዓለም ከ22 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንደ ነበሩት ተገልጿል። እንዲህ ያለው ነገር ሲሆን ሰርቨሩ የት እንደ ነበረ ደምበኛው አይጠይቅም። የሚያውቀው ገንዘቡን የተቀበለውን ሱቅ ነው፤ የሚመጣውም ወደዚያው ነው። ያልተፈቀደ አገልግሎት አቅራቢን ስለ ቀረው ወራት ገንዘብ ከሶ ማስመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራስያንን ብቻ ሳይሆን የብሮድካስት ድርጅቶችን መብት ጭምር ይጠብቃል፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ በ1996 ዓ/ም ሲወጣ መብቱን አውቆ የጣሰውን ብቻ ሳይሆን በከባድ ቸልተኝነት የጣሰውንም የሚቀጣ ድንጋጌ ይዞ ነበር። ዕቃው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመሣሪያ ዓይነት ማረጋገጫ ቢሰጠው ይህ ስለ መሣሪያው እንጂ በውስጡ ስለሚታየው ፕሮግራም የሚመሰክር አይደለም። ቀረጡ ተከፍሎ ከጉምሩክ መውጣቱም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ አስመጪው ጥንቃቄውን የሚጀምረው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። በባንክ በኩል የመተማመኛ ሰነድ (ሌተር ኦፍ ክሬዲት) የሚከፍት ነጋዴ፣ ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን አይርሳ፤ በዓለም ባንኮች ዘንድ የሚሠራበት ደንብ ይህንኑ ይናገራል። ፋክቱሩና የጭነቱ ሰነድ በትእዛዙ መሠረት ከተሟሉ፣ በሣጥኑ ውስጥ የተጫነው ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ ይከፈላል። ስለሆነም በፕሮፎርማው ላይ ሣጥኖቹ ምንም ዓይነት የቻናል ዝርዝርና ተጨማሪ ሶፍትዌር ያልተጫነባቸው መሆናቸው በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ፣ ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት የሚሰጠውንም የምርመራ ወረቀት ለክፍያው ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል እንዲገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። አቅራቢው ከቻናል ጋራ እሸጣለሁ ካለ፣ ቻናሎቹን በኢትዮጵያ ለማሰራጨት ከየባለቤቶቹ የተሰጠውን ፈቃድ ቅጂ በስም፣ በአገርና በዘመን ተለይቶ እንዲልክ ይጻፍለት። ብዙውን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ የሚመጣው መልስ ዋጋ መቀነስ ወይም ዝምታ ነው። ደብዳቤውም ሆነ መልሱ፣ መልስ ካልመጣም የተላከበት ቀን የተመዘገበበት ወረቀት፣ ከትእዛዙ ጋራ በአንድ ፋይል ይቀመጥ።