ስለ ግመል የአንጎል በሽታና ስለ ዕርዳታ መኖ

በድርቅ ለተጎዱ አካባቢዎች የሚላከው መኖ ርሶ ከተበላሸ ወይም በአፈር ከተበከለ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ይኸው ተህዋስ በአፍ ውስጥ ባለ ጭረት ገብቶ፣ የመንጋጋን ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ይዘልቃል። የታመመችው ግመል አንገቷን ታጋድላለች፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትዞራለች፤ አንድ ጆሮዋ ይንጠለጠላል፤ ለሃጯ ይዝረበረባል። ጉሮሮዋ ላይ አንዳች ነገር ተሰንቅሯል በማለት እጅን ወደ አፏ መስደድ ፈጽሞ አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታም ይህንኑ ይመስላልና። ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚጠቅመው ገና ሳትወድቅ ሲጀመር ነው። የተበላሸውን መኖ ማስወገድ ግን የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ የሚቆይ ሥራ አይደለም። የግመል ወተት አፍልቶ መጠጣት በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ እምብዛም አይወደድም፤ ሆኖም ተህዋሱ ጽንስ ስለሚያስወርድ ቢያንስ ነፍሰ ጡሮች ያልፈላ እንዳይጠጡ መምከር ያስፈልጋል።