ሥራ ሲቆም ዕዳን አለመደበቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዐ ትምህርታችን ገቢው በድንገት ስለቆመበት ሰው ነው። ወር ጠብቆ ደሞዝ ስለሚቀበለው ሳይሆን በራሱ እጅና በራሱ ዕቃ ሠርቶ ስለሚያድረው።

የከሚሴ ኑሮ ከመንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። ምግብ ቤቱም፣ ሻይ የምታፈላው እህታችንም፣ ጎሚስታውም፣ ባለ ባጃጁም የሚበሉት ከዚህ መንገድ ነው። መኪና ካላለፈ ምሳ የሚበላ እንግዳ የለም፤ የሚነፋ ጎማም የለም። ይህን በቃል ሳይሆን በሆዳችን እናውቀዋለን። በ2012 በኮሮና ምክንያት ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ አየነው። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ በገባ ጊዜ አየነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገዱ በተዘጋ ቁጥር አየነው።

አንድ ጎሚስታ ወንድማችን ሦስት ጁሙዐ ከመስጂድ ጠፋብኝ። በአራተኛው ሳምንት ቤቱ ሄድኩ።

«ታመህ ነው?» አልኩት።

«አይ ኡስታዝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» አለኝ።

ሻይ ቀረበ፣ ወሬ ተወራ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ነገሩን አወጣው። መንገዱ ሲዘጋ ለልጆቹ ዱቄትና ዘይት ከአንድ ሱቅ በዱቤ ሲወስድ ከርሟል። «ሐጂ የሚሰግዱት ፊተኛው ሶፍ ላይ ነው። ስወጣ በር ላይ እንገናኛለን። በምን ፊቴ ልያቸው?» አለኝ። ሚስቱ የዕዳውን መጠን አታውቅም። እሱ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን አስይዞ በአራጣ ሊበደር አስቧል።

ወንድሞቼ፣ መንገዱ የወሰደበት ገቢውን ብቻ ነበር። ጁሙዐውን፣ የሚስቱን ምክር፣ ሊወስድበት የነበረውንም የሙያ ዕቃውን ግን ያሳጣው ዝምታው ነው። ስለዚህ ያን ቀን የተነጋገርነውን ለናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ቁጠርና ጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ፣ አል-በቀራ 282፣ የምታስተምረው ዕዳን ስለመጻፍ ነው። ደብተር አውጣና ሦስት ነገር ጻፍ፦ ቤተሰቡ ለወሩ የግድ የሚያስፈልገውን (እህል፣ ኪራይ፣ መድኃኒት)፣ ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለብህ፣ በእጅህ ምን እንዳለ። በሐሳብ የሚያዝ ዕዳ ቀን ቀን ትንሽ ይመስላል፤ ሌሊት ደግሞ ተራራ ሆኖ እንቅልፍ ይነሳል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ልኩ ይታወቃል።

ሁለተኛ፦ ተናገር፤ መጀመሪያ ለባለቤትህ። የኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) ከገንዘቧ ለባሏ ብትሰጥ ይሆንላት እንደሆነ ባስጠየቀች ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የዝምድናና የሰደቃ ሁለት ምንዳ እንዳላት ተናግረዋል። የቤት ወጪ ግዴታው የባል ነው፤ ሚስት የመርዳት ግዴታ የለባትም። ነገር ግን ያላወቀችውን ልታግዝ አትችልም። ወጪውን የምትመጥነው እሷ ሆና ሳለ፣ ገቢ መቆሙን ካልሰማች በምን ልትመጥን ነው?

ቀጥሎ ለአበዳሪህ፤ ቀጠሮው ሳያልፍ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ባለ ዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ አስረዱ። ስልክ ማጥፋት፣ መንገድ መቀየር፣ «ነገ» እያሉ መሸኘት ከዚሁ ነው። በአል-በቀራ 280 ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው አዟል፤ መማር ከተቻለም የተሻለ መሆኑን ገልጿል። ይህ መብት ግን እያለው ለሚያጓትት አይደለም፤ እያለው የሚያጓትት በዳይ ነው። አበዳሪህ ችግርተኛ ይሁን አጓታች የሚለየው በምንድን ነው? ቀድመህ ሄደህ እውነቱን ስትነግረው ነው።

ሦስተኛ፦ መሣሪያህን አትብላ። በሐንበሊ መዝሀብ ፉቀሃዎች፣ ዕዳው ከንብረቱ የበለጠበት ሰው ንብረቱ ለአበዳሪዎች ሲሸጥ እንኳ የሙያ መሣሪያው እንዲተውለት ጽፈዋል። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ከሄደ ዕዳውን የሚከፍለው በምኑ ነው? መሸጥ ካለብህ ከቴሌቪዥኑ ጀምር። ኮምፕሬሰሩ፣ የስፌት መኪናው፣ ባጃጁ ይቆይ።

አራጣማ ከነጭራሹ! ሐራምነቱ ሳይዘነጋ ሒሳቡንም እንየው። ለምሳሌ 20,000 ብር በወር ከመቶ 10 ብትበደር፣ በየወሩ 2,000 ትከፍላለህ። በአምስት ወር 10,000 ብር ከፍለህ፣ ዋናው 20,000 አንድ ብር ሳይቀንስ ይጠብቅሃል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት አታውቅም፤ ወለዱ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም።

አራተኛ፦ ከቤት ውጣ። በሱረቱል ጁሙዐ አላህ ሶላት ሲፈጸም በምድር ላይ ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ አዟል። ተወኩል መንገዱ እስኪከፈት ደጃፍ ላይ መቀመጥ አይደለም። የከባድ መኪና ጎማ ከጠፋ የጋሪና የባጃጅ ጎማ አለ። ለመንገደኛ ይቀርብ የነበረው ሻይ ለሰፈር ገበያ በአቅሙ ይቀርባል። በሰላም መድረስ ከተቻለ የሰንበቴ የእሁድ ገበያ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ አለ። ገቢው ያነሰ ይሆናል። ያነሰ ሐላል ግን ለዱቄት ይበቃል፤ እጅንም ከሥራ አያስፈታም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ላልደረሰብን። አሽዐሪዮች የሚባሉት ጎሳዎች ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም የቤተሰባቸው ቀለብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ልብስ ላይ ሰብስበው በእኩል ይከፋፈሉ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ አወደሷቸው፤ ከራሳቸውም ቆጠሯቸው። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለ ዕዳ ነው። ዘካችንን ስናወጣ የምናስበው እጁን ዘርግቶ የሚለምነውን ብቻ ከሆነ፣ ኮምፕሬሰሩን ሊያስይዝ የተዘጋጀውን ጎረቤታችንን እናልፈዋለን። የእቁብ አባላትም ዕጣውን በልቶ መክፈል ያቃተውን ከመዝለፍ በፊት በውይይት ጊዜ ስጡት። የጠፋ ሰጋጅ ካለ «ሰነፈ» ከማለት በፊት ቤቱን አንኳኩ።

መንገዱ ክፍት ሲሆንስ? ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ሰባት ዓመት ለረሃቡ ሰባት ዓመት እህል ከነዛላው አስቀመጡ። እኛም ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን ጥቂት እናስቀምጥ። ዛሬ ከወለድ ነፃ ሒሳብ በብዙ ባንኮች ይከፈታል፤ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑም አሉ።

ወደ ወንድማችን ልመለስና ላብቃ። ያን ዕለት ከዐስር በኋላ አብረን ሱቁ ሄድን። እሱ እየተንተባተበ ደብተሩን ሲያወጣ ሐጂ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያም «ልጄ፣ እኔ እኮ አስቀይሜህ የቀረህ መስሎኝ ነበር» አሉት። መንገዱ እስኪከፈት ምንም ላይጠይቁት፣ ከተከፈተ በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሊከፍል ተስማሙ፤ ጻፍነው፤ ሁለት ሰው መሰከረ። ዕዳው ዛሬም አላለቀም። እሱ ግን ባለፈው ጁሙዐ ከሐጂ አጠገብ ነበር የሰገደው።

ዛሬ ከሶላት ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ዕዳ ያለበት ሄዶ እውነቱን ይናገር፤ ያበደረም ለተቸገረው ጊዜ ይስጥ።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ በሐላሉ ያብቃቃን፤ ከዕዳ ሸክም ይጠብቀን። አሚን።

ጁሙዐ ሙባረክ!