ሥራን ከሥራ ጋር ስለ ማመዛዘን

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ድርጅት አመራር ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ የንግድ ሥራ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቼ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ እነሱን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ነገ ሁላችንም በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይዘን «ሥራችን ደኅና ነው» ስንል ከማን ጋር አስተያይተን ይሆን? ብዙውን ጊዜ ከዓምናው ከራሳችን ጋር ነው።

ፈረንጆች «ቤንችማርኪንግ» የሚሉት ዘዴ ይህንን ልማድ የሚቃወም ነው። ቃሉ የመጣው ከመሬት ቀያሾች ሲሆን፣ የሌላው ቦታ ከፍታ የሚለካበትን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ምልክት ያመለክታል። በሥራ አመራር ዘንድ ግን አንድ ድርጅት አሠራሩን ያንኑ ሥራ ከሁሉ አብልጦ ከሚሠራው ጋር አመዛዝኖ የልዩነቱን ምክንያት መመርመር ማለት ነው።

ዘዴውን ስም ያሰጠው የአሜሪካኑ ዜሮክስ ኩባንያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዜሮክስ በ1959 914 የተባለውን የፎቶ ኮፒ መኪና ካወጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ገበያውን ይዞት ኖረ። የዚህ መጽሔት አባዦች መኪናውን ሳይመኙት አይቀሩም! በ1970ዎቹ ግን እንደ ካኖንና ሪኮህ ያሉት የጃፓን ኩባንያዎች መጡበት። ያስደነገጠውም ዋጋቸው ነበር፤ ጃፓኖቹ መኪናቸውን የሚሸጡበት ገንዘብ ዜሮክስ ለመሥራት ብቻ የሚያወጣውን ያህል ሆኖ ተገኘ። ከ1979 ጀምሮ የተወዳዳሪዎቹን መኪና እየፈታ፣ በጃፓን ከነበረው ሸሪኩ ከፉጂ ዜሮክስም እየጠየቀ ቢመረምር፣ ጃፓኖቹ እየከሰሩ የሚሸጡ ሳይሆኑ በእርግጥ በርካሽ የሚሠሩ መሆናቸውን ተረዳ።

እኔን የማረከኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዜሮክስ የመጋዘን ሥራውን ለማሻሻል ሲነሣ የሄደው ወደ ሌላ የመኪና ፋብሪካ ሳይሆን፣ በሜይን ክፍለ ሀገር ጫማና የአደን ልብስ በፖስታ ወደሚሸጠው ኤል ኤል ቢን ነበር። በዚያ ዕቃ ለቃሚው ከዜሮክስ ሠራተኛ ሦስት እጥፍ ያህል ይሠራ ነበር። ምሥጢሩም በውድ መኪና ላይ አልነበረም፤ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀው ዕቃ በቅርብ ይቀመጣል፣ ትእዛዙም ለቃሚው ብዙ እንዳይመላለስ ተደርጎ ይደለደላል። ይህንን ጥናት ከመሩት አንዱ ሮበርት ካምፕ በ1989 ስለ ዘዴው መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው የማልኮም ባልድሪጅን የጥራት ሽልማት ተቀበለ።

ዓምና አንድ ማስረጃ ለማውጣት ሦስት ቀን የተመላለስኩበትን መሥሪያ ቤት ሳስብ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ወረቀቱ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ሦስቱ ቀን ያለቀው ፋይሉ ሲፈለግ ነው። እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ሹማምንቱን ወደ ውጭ አገር ለጉብኝት ከመላኩ በፊት፣ ብዙ የሚጠየቀውን መድኃኒት እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ የሚያኖረውን የሠፈር ፋርማሲስት ቢጎበኝ ይሻለዋል እላለሁ። ጎብኚዎቻችን ፎቶግራፍና የሕንፃ አድናቆት ይዘው ይመለሳሉ እንጂ፣ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሄድ በሰዓት ለክተው የሚመለሱ ጥቂቶች ናቸው።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ዜሮክስ ራሱ በካሊፎርኒያ የምርምር ማእከሉ በ1973 አልቶ የተባለ፣ ማውስና የሥዕል ገጽ ያለው ለአንድ ሰው የሚሆን ኮምፒዩተር ሠርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚያመዛዝንበት ጎረቤት አልነበረውም፤ በገበያም የበለጠ የተጠቀሙበት ከጊዜ በኋላ ሌሎች ናቸው።