ምጣዴን ልሽጠው?

«እትዬ፣ ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው እንጀራ ጋግሬ ነው። በቀን 150 እንጀራ የሚወስደኝ ሆቴል ሦስት ወር ሙሉ ‹ነገ፣ ከነገ ወዲያ› እያለ አልከፈለኝም። ጤፉ በየገበያው ይጨምራል፤ መብራቱ በሌሊት እየጠፋ ሊጡ ይኮመጥጥብኛል። አንድ ደላላ ደግሞ ‹ምጣድሽን ሽጪና ለቪዛና ለትኬት አምጪ፣ ዐረብ አገር እልክሻለሁ› ይለኛል። እናቴ ‹ታገሺ› ትለኛለች። እስከ መቼ?
ቸገረኝ፣ ከኮልፌ»

እህቴ ቸገረኝ፣

በመንፈቀ ሌሊት ተነሥታ አብሲት የምትጥል፣ ኩፍ እስኪል ጠብቃ ጎህ ሳይቀድ ምጣድ የምትጥድ ሴትን ታገሺ ማለት ይከብደኛል። ከዚህ በላይ ምን ትሁን? እናትሽ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። አንቺ የምትታገሺው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሙያሽ ነው፣ ሌላው ያ ሆቴል። ሙያሽን ያዢው። ሆቴሉን ግን መታገሥ አይባልም፤ በነጻ መቀለብ ነው።

የኔ እናት ጠላ ሻጭ ነበረች። ዱቤ ለጠጣ ሁሉ ግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምርበታለች። አምስት መስመር ከሞላ፣ ሰውየው የክርስትና አባትም ቢሆን፣ ጣሳው አይቀዳለትም። ጎረቤት ጨካኝ ይላት ነበር። ያ ከሰል ግን እኔን ትምህርት ቤት አስገብቶኛል።

ስለዚህ የሦስት ወሩን ደብተርሽን አውጪ፤ ቀኑን፣ የእንጀራውን ብዛት፣ ዋጋውን በአንድ ወረቀት ገልብጪና ሥራ አስኪያጁን አስፈርሚው። ካልፈረመ ያስረከብሽበትን ቀን የሚያውቁ ምስክሮች ያዢ። እስኪከፍል አንድም እንጀራ አይግባለት። ለጊዜው 60 ብቻ ጋግሪና ለሰፈሩ ሱቆችና ለመሥሪያ ቤት ሴቶች እጅ በእጅ ሽጪ። ያንሳል፤ ግን የሚገባው ብር ነው።

ስለ ሊጥ አንቺን ማስተማር አይቃጣኝም። ለመብራቱ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ከሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ጓሮ ብታስቀምጪ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨት ይቆጥባል፤ ሊጡም መብራት እየጠበቀ አይኮመጥጥም።

ወደ ደላላው ልምጣ። ዐረብ አገር መሄድ ነውር የለውም፤ ስንቱ ቤት የቆመው በእህቶቻችን ላብ ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንም የትኬቱንም ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የሠራተኛዋ ድርሻ እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ነው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ የምጣድሽን ገንዘብ ለየትኛው ትኬት ነው የሚፈልገው? ጠይቂው፤ ሲንተባተብ ትሰሚዋለሽ።

ምጣዱ አይሸጥ። ወረቀቱን ይዘሽ ሰኞ ሂጂና የሆነውን ጻፊልኝ፤ የሥራ አስኪያጁን ፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።