«ዝግመተ ለውጥ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፤ «በትምህርት ቤት ዝግመተ ለውጥን እንማራለን፤ በቤተ ክርስቲያን ፈጣሪ እግዚአብሔር ነው ትሉናላችሁ፤ ማንን እንመን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በቁጣ የዘጋነው እንደ ሆነ ወጣቱ ከሁለቱ አንዱን ለመተው ይገደዳል። ስለዚህ አስቀድመን የቃሉን ታሪክ እንመልከት።

በአውሮፓ ቋንቋዎች «ኢቮሉሽን» የሚባለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው። ሮማውያን ተጠቅልሎ የተቀመጠን መጽሐፍ ዘርግቶ ማንበብን ይገልጹበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 የስዊሱ ሊቅ አልብረኽት ፎን ሃለር ለፅንስ እድገት ተጠቀመበት፤ ፅንሱ ከመጀመሪያው በጥቃቅን መልክ የተሠራ ነው፣ እድገቱም የታጠፈው መዘርጋት ብቻ ነው ከሚል አስተሳሰብ ተነሥቶ።

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም በዚህ ስም አልተጠቀመም፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ግን የዚሁ ስም ግስ ነው። ቃሉን በሰፊው ያሰራጨው ፈላስፋው ኸርበርት ስፔንሰር ሲሆን፣ ዳርዊንም በ1872 በወጣው 6ኛ እትም አስገባው። በዚህም አስቀድሞ የተሠራውን መዘርጋት የነበረው ትርጉም፣ ሕያዋን በብዙ ትውልድ የሚያሳዩት ለውጥ ወደሚል ተሸጋገረ። የአማርኛው ስያሜ ደግሞ «ዘገመ» ከሚለው ግስ ወጥቶ የለውጡን ዝግታ ይናገራል።

እንግዲህ ቃሉ በየትኛውም ትርጉሙ «ፈጣሪ የለም» አይልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የሰው ሥጋ አስቀድሞ ከነበረ ሕያው ነገር መገኘቱን ሊቃውንት በጥንቃቄ እንዲመረምሩ ፈቅደዋል፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጽንተዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1996 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት፣ ይህ ትምህርት ከመላምት ያለፈ መሆኑን ተቀብለው ስለ ነፍስ ያለውን እምነት ደግመው አስረድተዋል።

በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችውንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላትን ድንቅነሽን ለማየት ልጆቻችን ወደ ሙዚየም ሲሄዱ እምነታቸውን በደጅ ጥለው መግባት አያስፈልጋቸውም። ሳይንስ አጥንቷን መርምሮ ሥጋ በምን መንገድ እንደ ተለወጠ ይጠይቃል፤ እምነት ደግሞ ፍጥረት ሁሉ ህልውናውን ከማን እንደ ተቀበለ ያስተምራል። እኛ መምህራንም ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን እንመልስ፤ የማናውቀውንም አጥንተን እንመለስ እንጂ ጠያቂውን አናሳፍር።