የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ለምን ይዘጋል?

ባለፈው ክረምት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ክፍል አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም እዚሁ ወሎ ሰፈር አነስተኛ ቤት ተከራይተን ጧሪ የሌላቸውን አራት አረጋውያን በኅብረት እንጡር የሚል ነው። ሁላችንም በጭብጨባ ተቀበልነው። ሐሳቡን ለመንገር ወደ አንዲት እናት ቤት ስንሄድ ግን እርሳቸው አላጨበጨቡም። ቡናውን እየቀዱ፥ «ልጆቼ፥ ለስንት ዓመት ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እኒህ እናት ከዚህ ቀደም በአንድ መጦሪያ ቤት ሦስት ዓመት ያህል ኖረዋል፤ የቤቱን ስም አንጠቅሰውም። ግቢው የኪራይ ነበር። አከራዩ ጨመረ፤ ረጂው አልጨመረም፤ ቤቱ ተዘጋ። አረጋውያኑም አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ተበተኑ። እናታችን ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ሲመለሱ የሚያውቁት ጎረቤት ለቋል፤ መዋጮ ስላቋረጡም እድሩ ስማቸውን ሰርዞ ቆያቸው። ከዚህም የተነሣ ቤት ከመከራየታችን በፊት ነገሩን እናጥና አልን።

የመጦሪያ ቤት ታሪክ ሲነሣ የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይታወሳል። በ360ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ እየገሠጸ ድኆችን ይመግብ ነበር። ጳጳስ ከሆነም በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ለድኆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን፥ በተለይም በለምጽ ምክንያት ከሰው ለተለዩት ማረፊያ ቤቶችን አሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ሥፍራውን አዲስ ከተማ ሲል ጠርቶታል። ባስልዮስ በ379 (እ.ኤ.አ.) ካረፈ በኋላም ቤቱ በስሙ ባስልያድ እየተባለ ቆይቷል። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ እንደሚተርከው፥ አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ ባስልዮስን በሃይማኖት እየተቃወመ ሳለ እንኳ በእርሱ ለሚጦሩት ድኆች መልካም መሬት ሰጥቷል። (በሃይማኖት የማይስማሙ በድኃ ነገር ከተስማሙ፥ በአንድ ክፍል ያለን እኛ በቤት ምርጫ ሦስት ስብሰባ መጨቃጨቃችን ያሳፍራል።) እንደሚመስለን ያ ቤት ከመሥራቹ ዕድሜ በላይ እንዲቆይ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ የራሱ መሬት ነው።

የቅርብ ጊዜውን የእንግሊዝ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሳውዘርን ክሮስ የተባለው ኩባንያ 750 ያህል መጦሪያ ቤቶችንና 31,000 ያህል ተጧሪዎችን ያስተዳድር ነበር። ነገር ግን ሕንፃዎቹ ለሌሎች ተሸጠው ኩባንያው ተከራይ ሆኖ ነበር። ኪራዩ ከዓመት ዓመት ይወጣል፤ የአካባቢ አስተዳደሮች ለተጧሪዎች የሚያወጡት ገንዘብ ግን ቀነሰ፥ ባዶ አልጋም በዛ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው ፈርሶ ቤቶቹ ለአከራዮቹና ለሌሎች ተላለፉ። በዚያ ሀብታም አገር የሆነውና በእናታችን መጦሪያ ቤት የሆነው ያው አንድ ነገር ነው።

በአገራችን ደካሞችን በአብዛኛው ሲጦሩ የኖሩት ቤተሰብ፥ ጎረቤትና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ፥ ከመሬትና ከኪራይ ይገኝ የነበረው የምጽዋት ምንጭም አብሮ ደረቀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛና ተከራይ እፎይታ እንደ ነበረ አንክድም፤ ሆኖም ይህንንም ማስታወስ ይገባል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የገቡት የማዘር ቴሬዛ ደናግል በዚያ የለውጥ ዘመን ሥራቸውን አላቋረጡም፤ እነርሱ ደመወዝተኞች ሳይሆኑ ከሥራቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያም በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይረዳል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውን መፈክሩን ሁላችን እናውቀዋለን። እኛ ግን ሰዎች ብንሆንም የኪራይ ውላችን የአንድ ዓመት ብቻ ሊሆን ነበር። ከጎተራ በሚመጣው የኢትዮ ቻይና መንገድ ዳር ፎቅ በፎቅ ላይ በሚነሣበት በእኛ ሰፈር፥ የአንድ ዓመት ውል ምን ያህል እንደሚያስተማምን አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ ቤቱን መከራየት ትተናል። አራቱም አረጋውያን በየቤታቸው እንዲቆዩ፥ እኛም ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ውኃ እንድንቀዳ፥ ልብስ እንድናጥብ፥ ሐኪም ቤት እንድናደርስ ተስማማን። ከመካከላችን ሁለቱ «ይህ መጦር አይባልም፤ ጉብኝት ነው» ብለው ተቃውመዋል፤ ሌሊት ለሚታመም ሰው ማን ይደርሳል ለሚለው ጥያቄአቸው ገና በቂ መልስ አላገኘንም። ለእድሩ ዳኛም አመለከትን። እድሩ ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ መክፈል ያቃተውን በሕይወት ያለ አረጋዊ ግን ይሰርዛል። የአራቱን መዋጮ እኛ እንድንሸፍን፥ የተሰረዘውም ስም እንዲመለስ ጠይቀናል። ዳኛው ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ ብለውናል።

ይህንኑ ለእናታችን ስንነግራቸው ስለ ውኃውም ስለ ልብሱም አልጠየቁም። «ስሜን ከፋሲካ በፊት ይመልሱልኛል?» አሉን። ጉባኤው የሚውለው በመጪው ወር ነው።